ቃሉ እንዳለ ይግባ

እንደሻው ያደገው ሐረር፣ በኤረር በር ግንብ ሥር ነው። እናቱ ወይዘሮ በለጡ ከበሩ ውጭ ጨውና በርበሬ ይቸረችሩ ስለ ነበር፣ አማርኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከገበያ፣ ሐረሪኛን ከግንቡ ውስጥ ደንበኞች ለቀመ። ከሦስቱ የትኛው ቀድሞ አፉ እንደ ገባ ራሱም አያውቅም። ጣሊያን ወጥቶ ፍርድ ቤቱ እንደገና ሲቋቋም በአስተርጓሚነት ተቀጠረ፤ ከዳኛው በስተግራ መደገፊያ የሌላት ዱካ ተሰጠችው። «ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ» ብሎ ማለ። መሐላውንም እንደ ብዙው ሰው ለአፍ ያህል አልማለውም።

በ1951 ዓ.ም. መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ አይሻ የምትባል፣ ከከተማው በላይ ካለው ከሐኪም ጋራ የመጣች መበለት ጎረቤቷን አደምን ከሰሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አደም የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደ ጫት መሬቷ አስገብቶታል። ከዚያች መሬት ሌላ ልጆቿን የምታሳድግበት የላትም። ድንጋዩ ሲነቀል ያየ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ አሮጊቷ ሐሊማ። ችግሩ፣ አደም እናቱ በወሊድ ስትሞት ከራሳቸው ልጅ ጋር አጥብተው ያሳደጉት ሐሊማ ናቸው።

ዳኛው አቶ ኃይለመስቀል ሐረር ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው፣ ረጅም መልስ የማይወዱ ሰው ነበሩ።

«ጠይቃቸው» አሉት እንደሻውን። «አደም ድንጋዩን አልነካሁም ይላል። ይዋሻል ወይስ እውነቱን ነው?»

እንደሻው ጠየቀ። ሐሊማ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠጉና አንዲት የኦሮምኛ ቃል ተናገሩ።

«ሳፉ።»

ይህን ቃል እንደሻው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። በአማርኛ ግን ብሎት አያውቅም። ዳኛው በብዕራቸው ጠረጴዛውን ሲያንኳኩ ቸኮለና ከቃላቱ ሁሉ የቅርቡን አነሣ።

«ይሉኝታ ይዞኛል ይላሉ፣ ጌታዬ።»

«ዛሬ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ዝም የሚል፣ ነገ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይዋሻል» አሉ ዳኛው። «ምስክርነታቸው ውድቅ ነው። ይሂዱ።»

አይሻ አማርኛ አትሰማም። የዳኛውን የእጅ ምልክት ግን ገባት፤ ያዘለችውን ሕፃን ወደ ፊት አዙራ ታቀፈችው።

እንደሻው ያን አየ። ይሉኝታ ሰው ሲያይ የሚመጣ፣ ሰው ዞር ሲል የሚሄድ ነገር ነው። ሳፉ እንዲህ አይደለም። ልጅ ሳለ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ የፈሰሰ ማሽላ ሊረግጥ ሲል፣ አንዲት ባልቴት ክንዱን ይዘው «ሳፉ» ብለውት ነበር። ከእሳቸው ሌላ ማንም አላየም፤ ማሽላውም የማንም አልነበረም። እግሩ ግን እስከ ዛሬ እህል አይረግጥም።

ከዱካው ተነሣ። የችሎቱ ጸሐፊ በቀለ ኮቱን ጎተተው።

«አርፈህ ተቀመጥ፣ አንተ ሰው። ዛሬ ደግሞ ጠበቃ ሆንህ?»

«ጌታዬ» አለ እንደሻው፣ «የተረጎምሁት ልክ አይደለም። ይሉኝታ አላሉም።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«ሳፉ ነው ያሉት።»

«አማርኛው?»

«አማርኛ የለውም።»

«ፈልግለታ።»

«ፈልጌለት ነው የተሳሳትሁት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም።

«በመሐላህ የተናገርኸውን ካፈረስህ ዱካውን ትለቃለህ። ይህን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ከመልቀቄ በፊት ይህችን ጥያቄ ልጨርስ።» እንደሻው እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «ያጠቡትን ልጅ ውሸታም ብሎ መጥራት፣ ለእሳቸው ማንም ባይሰማ እንኳ የማይሻገሩት ነገር ነው። አደምን ፈርተው አይደለም፣ ለሰው ወሬም ብለው አይደለም። እሱ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ አይጠየቁ። ያዩትን ይጠየቁ፤ ይናገራሉ።»

ዳኛው አደምን አዩት። አደም መሬት መሬቱን ያያል።

«ምን እንዳዩ ጠይቃቸው» አሉ በመጨረሻ። ወደ በቀለም ዞረው፣ «ያ ቃል እንዳለ ይግባ» አሉት።

ሐሊማ ሳያመነቱ መለሱ። «ጎሕ ሲቀድ ፍየሌን ላወጣ ስል፣ አደም ድንጋዩን አቅፎ ከዋንዛው በታች፣ አይሻ መሬት ላይ ሲተክለው አየሁ። ድሮ ከዋንዛው በላይ ነበር። ወላሂ።» ስለ አደም ሌላ አንዲት ክፉ ቃል አልጨመሩም።

አደምም ከዚያ ወዲያ አልካደም። ድንጋዩ ወደ ቦታው እንዲመለስ ተፈረደ።

አቶ ኃይለመስቀል ግን ስለ ዱካው ያሉትን አላነሡም። እንደሻው በማግስቱ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረ፤ ዱካውን መልሶ ያገኘው እሳቸው ከሐረር ከተነሡ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ወደ አማርኛ የማይሻገር ቃል ሲገጥመው እጁን አንሥቶ «እንዳለ ይግባ» ይል ነበር። አዳዲስ ጸሐፊዎች ይሰላቹበታል፤ እሱ ጽፈው እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ሲቀበርም ከከተማው ግማሹ በወጣለት «እንዳለ ይግባ» በሚለው ቅጽል ስም እንጂ በስሙ አላለቀሰለትም።

በዚያ የፍርድ ቀን ማምሻ ላይ ሐሊማን ኤረር በር አጠገብ አገኛቸው። ዘንቢል አንጠልጥለው ዳገቱን ሊጀምሩ ነበር።

«የበለጡ ልጅ» አሉት በኦሮምኛ፣ «ዱካውን አስለቀቁህ ይላሉ።»

«አዎ እናቴ።»

«ለእኔ ብለህ?»

«ለእርስዎ አይደለም። ምዬ ስለ ነበር ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ። ለእኔ ቢሆን ኖሮ ከብዶኝ አላድርም ነበር።»

ዘንቢሉን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። «አሁን ወደ ቤት ነዎት?»

«ወደ አደም ነኝ» አሉ ሐሊማ። «ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»