ከሌክ ሜሪት እስከ ሳን ሆዜ፦ ሦስት ዳኞች ለመምረጥ

በመኪናው ውስጥ አራት ነበርን። መሪውን የያዙት ሐጂ ኢድሪስ ናቸው፤ የከረን ሰው፣ ኦክላንድ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሱቅ የነበራቸው። አጠገባቸው ዶክተር ኃይሉ፤ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ሕግ የተማሩ፣ እዚህ ኮሌጅ አስተምረው ጡረታ የወጡ። ከኋላ ወይዘሮ አልማዝ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የምትሠራ። ከእሷ ጎን እኔ፣ የመረዳጃ ማኅበራችን የምርጫ ጸሐፊ። ጊዜው 2009፣ የመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ ነው።

ሳን ሆዜ የምንሄደው የማኅበሩን ሦስት ዳኞች ለመምረጥ ነው። አልማዝ ድርብ ሺፍት እየሠራች ሦስት ስብሰባ በተከታታይ ስለቀረች ከማኅበሩ ተሰርዛለች። ደንባችን የተሰረዘ አባል በሠላሳ ቀን ውስጥ ለሦስት ዳኞች ይግባኝ እንዲል ይፈቅዳል። የነበሩት ዳኞች ዘመናቸው ካለቀ ቆይቷል፤ በምትካቸው ማንም አልተመረጠም። ሠላሳኛው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። ዛሬ ዳኛ ካልተቀመጠ ስረዛው ይጸናል። እናቷ አዲስ አበባ ታመዋል፤ የምትፈራውንም አልደበቀችንም።

«መርዶ ቢመጣ በሬን ማን ያንኳኳል?»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሌክ ሜሪት

እኔ የመጣሁት ከኤመሪቪል በነፃው ሻትል አውቶቡስ፣ ከዚያ በባርት ባቡር ነው። አሥር ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ሐጂ ሐይቁ ዳር ፓርክ አድርገው ይጠብቁ ነበር። አውራ ጎዳና 880 ላይ ከወጣን በኋላ ገና ከኦክላንድ ሳንወጣ መንገዱ ተዘጋና ጨዋታው ተጀመረ።

የማኅበሩን ደንብ የጻፉት ዶክተር ኃይሉ ናቸው። የዳኞቹን አመራረጥ የቀዱት ከዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ነው። እኔም ያንን የምርጫ ሥርዓት ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አስተማሪ ስላልነበረኝ የተረዳሁት ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ፈለግኩ።

«አሥራ ስምንት ዳኞች፣ ለዘጠኝ ዓመት ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ለዘጠኝ። በየሦስት ዓመቱ ስድስቱ ይቀየራሉ። ዘመኑን የጨረሰ ተመልሶ አይመረጥም።»

«መራጩ ማነው?» አሉ ሐጂ።

«አባል አገሮች ናቸው። ለእያንዳንዱ አገር አንድ ድምፅ፣ በምስጢር። ድምፅ ከሰጡት የሁለት ሦስተኛውን ያገኘ ያልፋል። ዕጩዎቹ በሁለት ዝርዝር ይገባሉ፤ በአንደኛው የወንጀል ችሎት ልምድ ያላቸው፣ በሌላው ዓለም አቀፍ ሕግ የሚያውቁ። መራጩም ደስ ያለውን ብቻ ጽፎ አይወጣም። ከየዝርዝሩ፣ ከየአካባቢው፣ ከሴትም ከወንድም በትንሹ ይህን ያህል ምረጥ ይባላል። ያንን ያላሟላ ወረቀት አይቆጠርም።»

«ኢትዮጵያ ስንት ዳኛ አላት?» አለች አልማዝ።

«ምንም። አባል ካልሆነ አገር ዳኛ አይመረጥም። ኤርትራም አባል አይደለችም፣ አሜሪካም።»

ሐጂ ሳቁ። «ስማ ዶክተር፣ እዚህ መኪና ውስጥ ሦስት አገር ጭነን አንድ ዳኛ የለንም? እንኳን ሳን ሆዜ ሄድን!»

«አንተስ ዛሬ ለምን አትወዳደርም?»

«ይቺን ልጅ በመኪናዬ እያመጣሁ? ሰው ምን ይለኛል!»

እኔ ምርጫው ስንት ዙር እንደሚፈጅ ጠየቅኩ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስምንት ዳኞች ተመርጠው እስኪሞሉ ሠላሳ ሦስት ዙር ድምፅ መሰጠቱን ዶክተር ነገሩን። አልማዝ ሰዓቷን አየች።

«ኧረ በስመ አብ! እኔ ማታ ሺፍት አለብኝ።»

ፍሪሞንት ላይ ወርደን አንድ ደርዘን ዶናት በዘጠኝ ዶላር ገዛን። በስተግራ ያሉት ኮረብቶች አረንጓዴ ናቸው፤ ዝናቡ ሲያቆም ገለባ ይመስላሉ።

አምስት ሰዓት፣ ሳን ሆዜ

ስብሰባው በተከራየነው፣ የመስታወት በር ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ሃያ አራት መራጮች ተገኝተናል። አልማዝ ባለጉዳይ ስለሆነች ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ዕጩዎቹ አምስት ናቸው፦ ከሳን ሆዜ አቶ መስፍን፣ አቶ ወርቁና ወይዘሮ ሙሉ፤ ከኦክላንድ ወይዘሮ ጽጌና አቶ ተክሌ። እያንዳንዱ መራጭ ሦስት ስም ይጽፋል፤ ከየከተማው ቢያንስ አንድ፣ ቢያንስ አንዲት ሴት።

ሁለት ወረቀት ሦስቱንም ከሳን ሆዜ ስለጻፈ ተሰረዘ። ሃያ ሁለት ቀረ፤ ለማለፍ አሥራ አምስት ያስፈልጋል። ጽጌ አሥራ ሰባት፣ መስፍን አሥራ አራት፣ ወርቁ አሥራ ሦስት፣ ተክሌ አሥራ ሁለት፣ ሙሉ አሥር። ጽጌ አለፈች። መስፍን በአንድ ድምፅ ቀረ።

ሁለተኛውን ዙር ላሳውቅ ስል አቶ መስፍን ተነሣ። «ጋሽ ወርቁ እያሉ እኔ ልቀድም አይገባኝም። ወጥቻለሁ።»

ጋሽ ወርቁም ተነሡ። «እሱን አስወጥቼ እኔ ልቀመጥ? ነውር ነው። እኔም ወጥቻለሁ።»

አቶ ተክሌ ተከተለ። ወይዘሮ ሙሉም «እነሱ የተውትን እኔ ምን ብዬ?» አለች። ሁሉም እየተቃቀፉ ይመራረቁ ጀመር። ቤቱ በጣም ደስ ብሎታል፤ ዕጩ ግን የለንም። ጽጌም ብድግ ልትል ስትል ዶክተር ኃይሉ ጮኹ።

«አንቺ እንኳ ቁጭ በይ! እዚያ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትኮ የሚወጣው ድምፅ ያነሰው ነው። እዚህ የበለጠው ይወጣል!»

በመስታወቱ አልማዝን አየኋት። ቆማ ፈገግ ብላለች። ወጣሁ።

«ተመረጡ አይደል? ሲተቃቀፉ አየሁ» አለችኝ።

«ሁሉም ለሌላው ብለው ወጡ።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «እኔ ማንም ይሁን አልል። ብቻ ሦስት ሰው ቁጭ ይበልልኝ።»

ስብሰባ ላይ መናገር አልወድም። ተመልሼ ግን ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ከዚያ ሐጂ ከኋላ ወንበር «ወንበሩ የአባታችሁ ነው እንዴ ለሌላ የምትለቁት?» አሉ። «መራጩ ነው የሚሰጠው። መከባበሩን ምሳ ላይ ትጨርሱታላችሁ።»

ሳቅ ሆነ። አራቱም ስማቸውን መለሱ። በሁለተኛው ዙር መስፍን አለፈ። በሦስተኛው ማንም አላለፈም፤ ተክሌም ከሁሉ አንሶ ስለነበር ወጣ። ዶክተር «ይኸውላችሁ፣ መውጣት እንዲህ ነው» አሉ። በአራተኛው ዙር ወይዘሮ ሙሉ በአሥራ ሰባት ድምፅ ሦስተኛዋ ዳኛ ሆነች። ጋሽ ወርቁ የመጀመሪያውን ጭብጨባ ያስጀመሩት ራሳቸው ናቸው።

ሦስቱ ዳኞች አልማዝን ከጎን ወዳለው ትንሽ ክፍል አስገብተው በሩን ዘጉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጽጌ ውሳኔውን አነበበች፦ አልማዝ ወደ አባልነቷ ተመልሳለች፤ ከእንግዲህ ሥራ ሲይዛት ለጸሐፊው ኮል ታደርጋለች።

አሥር ሰዓት፣ ወደ ኦክላንድ

ሃይዋርድን እስክናልፍ አልማዝ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ሐጂ በመስታወት አዩዋት።

«ምነው ልጄ፣ አሸነፍሽ አይደል?»

«ብሸነፍም ኖሮ ሐጂ…» አለች። «ስትሰርዙኝ እኮ ማንም አልጠየቀኝም። ዛሬ ሦስት ሰው ሰማኝ።»

ስረዛው ሲወሰን ዶክተር ኃይሉም እኔም እጃችንን አውጥተን ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው፤ የምርጫውን አንቀጽ በሙሉ በቃሌ አውቀው ነበር፣ ለማን እንደተጻፈ ግን አላሰብኩበትም።

ማስታወሻዬ ሁለት ቦታ ክፍት ነው። የሦስተኛውን ዙር ቁጥር አልያዝኩም፤ ሲቆጠር የመስፍንን ማለፍ ልነግራት ደግሜ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ከአልማዝ ጋር ነበርኩ። ትንሹ ክፍል ውስጥ የተባለውንም አላውቅም። በዚያ ቅዳሜ እዚያ የነበራችሁ፣ የምታስታውሱትን ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩትንም አርሙኝ።