አባቴ መድረክ ላይ የወጣ ዕለት

የናፍታ ሽታ ለሌላው ሰው የመኪና ሽታ ነው፤ ለእኔ የዘፈን ሽታ ነው። ባለፈው ዓመት ፍኖተ ሰላም ላይ ከመኪና ወርጄ በኳስ ሜዳው በኩል ሳልፍ፣ ከሸራ ጀርባ የቆመ ጄኔሬተር ጭሱን ሲተፋው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና እግሬን ያዘኝ። ድምፅ ማጉያው አንዴ ሲጥ አለ፣ አንድ ሰው «ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» እያለ ይሞክር ጀመር፣ እኔም ሃምሳን የታከክሁ ሰውዬ እንደ አሥር ዓመት ልጅ ቆሜ ቀረሁ።

ስለ ልጅነታቸው የሚጽፉ ሰዎች ልጅነታቸውን ሲያቆላምጡት አነባለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ ብዙ አላነበብሁም፤ ያነበብሁት ግን ይበቃኛል። የእኔ ልጅነት አይቆላመጥም። ይናፍቀኛል፣ ያም ያናድደኛል።

መንደራችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ግራ ገባ ብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬድ ነበር። ሙዚቃ ማለት ለእኛ በጥር የሚመጣ ነገር ነበር፤ እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ፣ ከዳስ ዳስ እየዞርን አዝማሪ እንሰማ ነበር። አባቴ ስሙ ታድሎ ነው፤ ድምፅ አልነበረውም፤ ግጥም ግን ነበረው። አዝማሪው እየዘፈነ ሳለ ከተቀመጠበት ተነስቶ እጁን ከፍ አድርጎ «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው መሲንቆውን አለስልሶ ጆሮውን ይሰጠዋል፣ አባቴ ግጥሙን በንግግር ይነግረዋል፣ አዝማሪው ያንኑ በዜማ መልሶ ለዳሱ ያሰማል። ደንቡ ይህ ነው፤ ዛሬም አለ። እኔ ግን ያን ጊዜ ዘፈን ሁሉ የአባቴ ይመስለኝ ነበር፤ አዝማሪ ማለት አባቴ የሚናገርበት ሌላ አፍ ነበር።

በእኛ አካባቢ የሚዞረው ይግዛው የሚባል አዝማሪ ነበር። አባቴ ብድግ ሲል ገና መቀለድ ይጀምራል።

«አያ ታድሎ፣ እግዜር ድምፁን ለበሬዎ ሰጥቶ ግጥሙን ለእርስዎ ተወው!»

«አንተስ ግጥሙ ከእኔ፣ ጠላው ከድግሱ፣ የራስህ ምን አለህ?»

«መሲንቆዬ አለችኝ!»

«እሷም የፈረስ ጭራ ናት።»

ዳሱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ይግዛው ታዲያ ሳቅ ብቻ አልነበረም የሚያመላልሰው። ግሽ ዓባይ የተዳረች አክስት ነበረችኝ፤ አባቴ በአንድ ሠርግ ላይ ለእሷ የሚሆን ግጥም ሰጥቶት፣ ይግዛው በዚያ ሲያልፍ ዘፍኖላት፣ በሁለተኛው ሳምንት መልሷን በዚያው አፍ ይዞልን መጣ። በእኛ ቤት የሚያነብ ሰው አልነበረም። ዘፋኝ ነበር ደብዳቤያችን።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ በሚያዝያ፣ ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ተወሰደ። የጦርነት ዘመን ነበር፤ ገበያ እንደወጣ ተይዞ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ሰሜን ሄደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከጥጃነቷ ጀምሮ ራሱ ያሳደጋት አንዲት እርጉዝ ጊደር ነበረችው፤ ከሁሉም የምታሳዝነኝ እሷ ነበረች፣ ማታ ማታ በረቱ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር። እኔ በመስከረም ትምህርት ቤት ልገባ ነበር። የወንድሜን ሥራ የሚሠራ ሲጠፋ ቀረሁ። ፊደል ሳልቆጥር ያደግሁት በዚህ ነው፤ ማንንም አልወቅስም ብል ውሸት ነው፣ እወቅሳለሁ።

ክረምቱ ያለ አንዳች ወሬ አለፈ። ከተማ ወርደን ሁለት ጊዜ ደብዳቤ አጻፍን፣ አድራሻ ስለማናውቅ ጸሐፊው ገምቶ ጻፈበት፣ ሁለቱም የውሃ ሽታ ሆኑ። በነሐሴ፣ ዝናቡ መሬቱን ሲደበድበው፣ ጊደሯ ወለደች። አባቴ ጥጃዋን በጋቢው እያደረቀ፣

«ይህን ቢሰማ ጉልበት ይሆነው ነበር» አለ።

«ማን ይንገረው?» አለች እናቴ። «እርስዎ እንደሁ እንኳን ደብዳቤ፣ ስምዎን አይጽፉ።»

ያለችው ለክፋት አልነበረም። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ደሳለኝ ማውራት ተወ።

በታኅሣሥ በርበሬ ደርቆ ይለቀማል። አህያችንን ጭነን ከአባቴ ጋር ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወረድን፣ ገና ጆንያውን ሳናወርድ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ያሠረ መኪና እየዞረ ይለፍፍ ጀመር። የኪነት ቡድን መጥቷል፣ ከሰዓት በኋላ በኳስ ሜዳው በነፃ ይዘፍናል፣ ግንባር ላለው ሠራዊት ሲዘፍን የቆየ ቡድን ነው፣ መሪ ዘፋኟም ሴት ናት ይላል። አባቴ መኪናው ሲቆም ጠጋ ብሎ የሚለፍፈውን ልጅ ጠየቀው።

«ጌታው፣ ዘፋኞቹ ወታደሩ ዘንድ ይመለሳሉ?»

«አዎ አባባ፣ ከዚህ ቀጥታ እዚያው ናቸው።»

የአባቴ ፊት ሲበራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በርበሬውን ላገኘው ሰው በርካሽ ሸጦ፣ እኔን ሳያነጋግር ለብቻው ግጥም እያጉተመተመ ወደ ሜዳው ይዞኝ ሄደ። እዚያ እስክንደርስ ያን ግጥም ስንት ጊዜ እንዳለው አላውቅም፤ ስንደርስ እኔም በቃሌ ይዤው ነበር።

«እዚያ ስትደርሺ ልጄ ካለበት፣
ላሟ ወለደች በይው በኔ አንደበት።»

አህያዋን ከሜዳው ዳር አሠርን። አባቴ ወደ ፊት ተጠጋ፤ እኔ ከፍ ብዬ ለማየት አጥር ላይ ወደተሰቀሉት የከተማ ተማሪዎች ሄድሁ። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ይግዛው ሲዘፍን ጆሮዬ ነበር የሚሰማው፤ እዚህ ግን ከበሮው ደረቴ ውስጥ ገብቶ ይመታ ነበር፣ ጊታሩ ጥርሴን ይነዝረኝ ነበር፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ዘፋኝ አፏን በከፈተች ቁጥር ድምፁ ከእሷ ሳይሆን ከሰማይ ይመጣ ነበር። የጄኔሬተሩ ጭስ በራሳችን ላይ እያለፈ ሲሄድ ጭሱንም የዘፈኑ አካል አድርጌ ማግሁት።

«አንተ ባላገር፣ ጊታር አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ አንዱ ተማሪ።

«አዎ።»

«የት?»

«ቡሬ።»

«ቡሬ ጊታር የለም!»

«መጥቷል። አልሰማችሁም?»

ሳቁ፣ ግን ገፋ ገፋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ አንዱም ከሚበላው ሸንኮራ ቆርሶ ሰጠኝ። ባላገር ላልሆን የቀረኝ ትንሽ ነበር።

ያን ጊዜ አባቴ ተነሳ። ቁምጣ ለብሶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በጥር ዳስ ውስጥ እንደሚያደርገው እጁን ከፍ አድርጎ በተቀመጠው ሰው መካከል አለፈ። «ተቀበይ!» አለ። ማን ይስማው፤ ከበሮው ዋጠው። ያልሰማችው መስሎት የመድረኩን መወጣጫ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ዘፋኟ ደንግጣ ወደ ኋላ ስትል ማይኩ በእሱና በእሷ መካከል ቀረ፣ «ተቀበይ እቴ» ያለው ሜዳውን ሁሉ ሞላው። የበሬ ድምፁ በዚያ ማጉያ ሲወጣ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሙዚቀኞቹ አላቆሙለትም። የግጥሙን መጀመሪያ ስንኝ አለ፤ ሁለተኛውን ሊል ሲል ሁለት ጥበቃዎች ጋቢውን ይዘው ወደ ታች ጎተቱት። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«እብድ ነው» አለ ባለ ሸንኮራው።

«ሰክሮ ነው» አለ ሌላው።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልጅ ነበርሁ ብዬ ላልፈው እችላለሁ፤ አላልፈውም።

ጥበቃዎቹ እየጎተቱ በአጥሩ ሥር ሲያሳልፉት አየኝ።

«ጌታዬ፣ አልጠጣሁም» አለ አንደኛውን። «በርበሬ ይዘን ከአገር ቤት መጥተን ነው። ልጄ ያውና፣ ጠይቁት።»

ጥበቃው ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ፣ አባትህ ነው?»

ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አፌ ውስጥ የእነሱ ሸንኮራ ነበር።

«አይደለም» አልሁ።

«ይኸው! ሰውየው ልጅም ይፈጥራል» አለ ጥበቃው ለጓደኛው። አባቴ አልተቆጣም፣ አልተከራከረም። በስሕተት የሰው በር እንዳንኳኳ ሰው እያየኝ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተከተላቸው። ከሜዳው ዳር ካለች አንዲት ክፍል አስገብተው ከውጭ ቆለፉበት።

ከአጥሩ ወርጄ አህያዋ ዘንድ ቆምሁ። ከዚያ ወዲያ የተዘፈነውን አላውቀውም። ዘፈኑ ሲያልቅ ዘፋኞቹ መኪናቸው አጠገብ ሻይ እየጠጡ ቆሙ፣ ባለ አረንጓዴ ቀሚሷም ከገበያ ሴቶች ጋር እየተሳሳቀች የአንዷን ሕፃን ታቅፋ ታጫውት ነበር። ማንም ይጠጋት ነበር፤ ማንም አይከለከልም ነበር። ከእኔ እስከ እሷ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ግጥሙም በቃሌ ነበር። አልሄድሁም። ብሄድ የዚያ ሰውዬ ልጅ ልባል ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ አቧራውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

አባቴን የለቀቁት ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ወደ አህያዋ መጣ፣ ገመዷን ፈታ፣ ባዶውን ጆንያ ጀርባዋ ላይ አስተካከለ፣ ከዚያ ሳያየኝ፣

«ርቦሃል?» አለኝ።

ያለው ይህን ብቻ ነው። በመንገድም፣ በቤትም፣ እስኪሞትም ድረስ ስለዚያ ቀን የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ቢመታኝ ኖሮ አሁን ይህን አልጽፍም ነበር ይሆናል። ማታ እናቴ ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ «የሠራዊቱ ዘፋኞች መጥተው ነበር አሉ፤ ለደሳለኝ አልላኩበትም?» ስትለው፣ «ሰው በዛ» አላት።

ጥር መጣ፣ ዳስ ተጣለ። ይግዛው ዘፍኖ ዘፍኖ፣ እንደ ልማዱ መሲንቆውን አለስልሶ ወደ አባቴ ዞረና ጠበቀ። አባቴ ጠላውን ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር። «አያ ታድሎ፣ ዘንድሮ በሬው ግጥሙንም ወሰደብዎ?» አለ ይግዛው። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አባቴ አልተነሳም። በሚቀጥለውም ጥር አልተነሳም። በኋላ ይግዛው ራሱ መጠበቁን ተወ፣ እኔም ከዳሱ ጭፈራ ይልቅ ያች መሲንቆውን ለአባቴ የሚያለሰልስባት ቅጽበት ትናፍቀኝ ጀመር።

ደሳለኝ በሦስተኛው ዓመት፣ ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በሰኔ ዝናብ በእግሩ መጣ። አጥንቱ ብቻ ነበር። በበነጋው እሳት ዳር ተቀምጠን ሲያጫውተን፣ አንድ ጊዜ ሰፈራቸው ድረስ ዘፋኞች መጥተው እንደነበር ነገረን።

«በዚያው በመጀመሪያው ጥር ነው» አለ። «አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች አንዲት ነበረች። ‹ጎጃሜዎች እጃችሁን አውጡ፣ አሁን ከአገራችሁ ነው የመጣሁት› ስትል እጄን አወጣሁ። እንግዲህ አንድ የቤት ወሬ ይዛ ይሆናል ብዬ የሞኝ ነገር ጠበቅሁ። ሁላችሁም ሞታችሁ እንደሁ ነበር የማስበው።»

አባቴ እሳቱን ቆሰቆሰ።

«ላሟ ወልዳ ነበር» አለው። እኔን አላየኝም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኸው ነው የእኔ ትዝታ። አሁን ወደ ባለፈው ዓመት ልመለስ፤ ቆሜ የቀረሁት ልጄ ሰናይት ፍኖተ ሰላም ስለምትማር ልጠይቃት መጥቼ ነው። ደውዬ ነገርኋት፣ መጣች፣ ትኬት ቆርጣ አስገባችኝ። ማጉያው የዛሬው ይበልጣል፣ መብራቱ በቀን እንኳ ዓይን ያጠፋል፣ ወጣቱ ሁሉ ስልኩን ዘርግቶ ዘፈኑን በስልኩ ውስጥ ያያል። ይግዛውን በመሲንቆው ብቻ ከዚህ ሁሉ ብረት አስበልጠዋለሁ፤ ሽማግሌ ነው ብላችሁ ሳቁ። ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ዘፋኙ ራሱ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ይዘረጋል፣ «ማነው የሚወጣ?» ይላል፣ ልጆች መድረክ ላይ እየዘለሉ ይወጣሉ፣ ማንም ጋቢያቸውን አይጎትትም። በዘፈንና በዘፈን መካከል ከሕዝቡ የተላከ ወረቀት እየተቀበለ ሰላምታ ያነባል። አባቴ የተቆለፈበት ጥፋት ዛሬ የዝግጅቱ ክፍል ሆኗል። ሕይወቱን ሙሉ ለደሳለኝ መልእክት ከመላክ በቀር ለሌላ ነገር መድረክ ላይ ያልወጣ ሰው ነበር።

«አባዬ፣ ላንተም ላስነብብልህ?» አለች ሰናይት፣ ከደብተሯ ቅጠል እየቀደደች። «ለማን ልበል?»

«አምጪ፣ እኔው እጽፋለሁ።»

ፊደሌ ዛሬም ዘገምተኛ ነው። ጽፌ ሰጠኋት። አነበበችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ ብቻ? ሰላምታ የለውም?»

«የለውም።»

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ መድረኩ ዘንድ ደረሰ። ዘፋኙ ከሁለት የልደት ምኞቶች መካከል አነበበው፦ «ታድሎ አባቴ ነው።» ሌላ ነገር ይኖረው እንደሆነ ወረቀቱን ገልብጦ አየና፣ «እሺ፣ ለአባት!» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ሕዝቡ ለሁሉም እንዳጨበጨበው አጨበጨበ። ሦስት ቃል ነበር። ያኔ ያ ጥበቃ የፈለገብኝ ከዚህም ያነሰ ነበር፤ አንዲት «አዎ» ብቻ።