አቴንዳንስ ብቻ ነው

የከተማችን የአየር ንብረት ለውጥ ዕቅድ ሲነሳ እስካሁን ደሜ ይፈላል። ዕቅዱ አያስፈልግም ነበር ማለቴ አይደለም። ሐይቁ በደለል እየተሞላ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ሰፈር እየገባ ዝም ማለት አይቻልም ነበር። ምክር ቤቱ ዕቅድ ሊያዘጋጅ ነው ሲባል እኔም ከዩኒቨርሲቲ በሙያዬ ላግዝ ብዬ ገባሁ። ሰነዱን የሚጽፈው አማካሪ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ስምንት ዓመት አንድ ቢሮ ተቀምጠናል፤ ምሳችንን ከአንድ ሳህን በልተናል።

«ነዋሪ ያልተናገረበት ዕቅድ ዋጋ የለውም፤ ሰው አምጪልኝ» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ከተማው ዳር ወዳለችው ቡሹሎ ሄጄ እማማን ለመንኳቸው።

እማማ የምላቸው ወተት የምገዛቸው አሮጊት ናቸው። አራስ ሳለሁ ቆጮና ቅቤ ተሸክመው መጥተው የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። ከሐይቁ በማይርቅ ቁልቁለት ላይ ያለች የእንሰት ማሳ አለቻቸው፤ ከእሷ ሌላ መሬት የላቸውም።

ስብሰባው ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ ተደረገ። እማማ ከሻይ ጋር የቀረበላቸውን ብስኩት ለልጅ ልጃቸው በመሐረብ ቋጠሩ። ተራው ሲደርሳቸው ሁሉም እንዲሰማ ብለው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ሲዳሙ አፎን ትተው በአማርኛ ተናገሩ።

«ደለል ከእኔ ጓሮ አይመጣም። እንሰት አፈር ይይዛል። ደለሉ የሚመጣው ከላይ፣ ድንጋይ ከሚያወጡበት ነው። መጀመሪያ እሱን ዝጉ፤ ከዚያ እኔን ጠይቁኝ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔማ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ እያልኩ ተኮፈስኩ።

ከዚያ ወረቀት ዞረ። እማማ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የማላነበው ላይ ጣቴን አላሳርፍም።»

«አቴንዳንስ ብቻ ነው እማማ። መምጣትዎን ነው የሚያሳየው» አልኩና ከላይ የተጻፈውን አነበብኩላቸው፤ «የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝር» ይላል። አውራ ጣታቸውን ራሴ ይዤ ቀለሙን አስነካሁ። ከአሻራቸው ሥር እኔ ፈረምኩ።

ዕቅዱ ጸደቀ። ወራት ቆይቶ ወተት ልወስድ ስሄድ የእማማ እንሰቶች ቀይ ቀለም ተቀብተው አገኘኋቸው። ማሳው ሐይቁን ከደለል ለመጠበቅ እንሰቱ ተነስቶ ዛፍ በሚተከልበት ቀበቶ ውስጥ ገብቷል፤ ቅሬታ ያለው በአሥራ አምስት ቀን ያቅርብ ተብሏል። የቀረው አምስት ቀን ነበር።

ቢሮ ገብቼ ሰነዱን ገለጥኩት። ስለ ድንጋይ ማውጫው አንዲት መስመር የለም። መጨረሻ ላይ አባሪ ተያይዟል። የእማማ አሻራ፣ ከሥሩ የእኔ ፊርማ፤ ያው ወረቀት ነው። ርዕሱ ብቻ ተቀይሯል፤ «መሬታቸው በቀበቶው እንዲካተት የተስማሙ ነዋሪዎች»።

ባልደረባዬ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ አላለም። «ያለ ስምምነት አያልፍም ነበር። ደግሞ ሁሉም አጨብጭቦ የለ?»

«ያጨበጨብነው ለእሳቸው ነው!»

«እንዴ፣ አንቺም ፈርመሻል እኮ» አለኝ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት። ሲጥል ግን እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አብሬው የበላሁት ምሳ አንገሸገሸኝ።

የዚያኑ ዕለት የቅሬታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ርዕሱ መቀየሩን፣ እማማ አዳራሹ ውስጥ ያሉትን፣ የራሴንም ምስክርነት አንድ ሳላስቀር አሰፈርኩ። የጎደለው የባለመሬቷ አሻራ ብቻ ነበር። በማግስቱ ቀለሙን በቦርሳዬ ይዤ ቡሹሎ ደረስኩ።

እማማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አስነበቡኝ።

«አዳራሽ ያነበብሽልኝ ውሸት ነበር?» አሉኝ።

«አልነበረም እማማ። በኋላ ነው የቀየሩት።»

«ይሄንንስ በኋላ አይቀይሩትም?»

ቀለሙን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እሳቸውም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። በቀሩት ቀናት ሁሉ ተመላለስኩ። ወተቱን እንደ ወትሮው ቀድተው ይሰጡኛል፤ ቀለሙን ሳወጣ እጃቸው ወደ ነጠላው ይመለሳል።

በመጨረሻው ቀን ደብዳቤውን በእኔ ፊርማ ብቻ ለምክር ቤቱ አስገባሁት። የባለመሬቷ አሻራ የለበትም ብለው ሳይቀበሉ መለሱልኝ።