የአንድ እጅ በራድ

ችግር ብልሃትን ይወልዳል ይላሉ። በእኔ ጎረቤት ቤት ግን ብልሃትን የሚወልደው ንዴት ነው። ሰውየው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው፤ ሰፈሩ «ብስጩ» ይለዋል፣ እሱም አቤት ይላል። ሌላ ሰው ባልዲ ሲያንጠባጥብ ቢያይ ጨርቅ ይፈልጋል። ብስጩ ግን የባልዲውን ሠሪ እስከ ሰባት ትውልዱ ይሳደብና፣ ስድቡ ሳያልቅ መዶሻውን ያነሣል። ወገቡ ለማይታጠፍለት ሰው ቆሞ የሚያፍስበት የጥራጊ ማፈሻ ከዚያ ስድብ ነው የወጣው፤ ሁለት እጁ በዕቃ የተያዘ ሰው በክርኑ የሚከፍተው የበር መቀርቀሪያም እንዲሁ። ሠላሳ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ዕውቀት ከመደነቅ ይጀምራል» እያልሁ ሳስተምር ኖሬ፣ በጡረታዬ እሱ ደጃፍ ስቀመጥ ነው ጎዶሎዬን ያወቅሁት። የሚደነቅ ሰው ዓለምን እንዳለች ይወዳታል። መዶሻ የሚያነሣው የተቆጣው ነው።

ታላቅ እህቱ ከመንገዱ ማዶ በአንዲት ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። እሱ እትዬ ስለሚላት ሰፈሩም እትዬ ይላታል። ልብስ ሰፊ ነበረች። ባለፈው ዓመት ደም ግፊት ጣላትና ቀኝ እጇ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንድ ቀን የፈላ በራድ በግራ እጇ ስታነሣ ጭኗ ላይ ደፋችው። ሌላ ከተማ ትዳር ይዛ የምትኖረው ልጇ ይህን ሰምታ መጣች። መልካም ልጅ ናት፣ ግን ችኩል።

«እማ፣ በቃ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

«የት? አማትሽ ጓዳ ተቀምጬ ሻይ ልለምን?»

«ራስሽ መቅዳት አቃተሻ!»

«ብችልስ?»

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። «በወሩ መጨረሻ እሑድ እመጣለሁ። አንድ ጠብታ ሳይፈስ ሻይ ከቀዳሽልኝ እዚሁ ትኖሪያለሽ። ካልሆነ ግን ሻንጣሽን ነው የማነሣው።»

ብስጩ ይህን ሲሰማ በምድር ላይ ያሉትን በራድ ሠሪዎች ሁሉ ረገመ። «ሁለት እጅ ያለው ለሁለት እጅ ሠራው! አንድ እጅ ያለው ሰው አይጠማውም?» አለኝ። ሜትር የሚባል ነገር አይወድም፤ በራሱ ገላ ነው የሚለካው። ቀበቶውን ፈቶ ቀኝ እጁን ከጎኑ ጋር አሰረና ሦስት ቀን እንዲያ ሆኖ ዋለ። በግራው በላ፣ በግራው ቀጠቀጠ፤ በየመሐሉ መዶሻውን እየጣለ ሱሪውን ወደ ላይ ይጎትታል።

«ወዳጄ፣ ቀበቶውን ለሱሪህ፣ ገመድ ለእጅህ ብታደርገው ምን ነበረበት?» አልሁት።

«ዝም ይበሉ መምህር! ካልተናደድኩ አይመጣልኝም።»

በአራተኛው ቀን «ማዘንበያ» ያለው ዕቃ አለቀ። በራዱ ከምድጃው አይነሣም፤ ከምድጃው በላይ በሁለት እግሮች መሐል በሚወዛወዝ የብረት ቀለበት ውስጥ ይቀመጣል። ውኃ በኩባያ እየጨለፉ ይሞሉታል። ሲፈላ ከጎኑ የወጣውን ረጅም እጀታ በክርን ጫን ሲሉት በራዱ ጎንበስ ይላል፤ ሲለቁት ከኋላው የተንጠለጠለው ከባድ ብረት ቀጥ ያደርገዋል። እትዬ በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ኩባያ ቀዳች። ጠጪ ሲያልቅባት ከመንገድ ሰው ጠራች።

ጥፋቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ የንድፍ ማዕከል የዕለት ተዕለት ችግርን የሚፈቱ የፈጠራ ሥራዎችን በኤግዚቢሽን እንደሚያሳይ ጋዜጣ ላይ አየሁና ብስጩን ጎተጎትሁት። ብልሃት ተደብቆ አይቅር፣ ሺህ ሰው ይጠቀምበት አልሁ። ሁለት ሰዎች መጡ፣ ፎቶ አነሡ፣ «ለሦስት ቀን ብቻ» ብለው ማዘንበያውን ከምድጃዋ ላይ ነቅለው ሄዱ። እትዬ ሐኪም ቤት ነበረች። ተመልሳ ባዶውን ምድጃ ስታይ ምንም አላለችም። እኛም ዝምታዋን እሺታ አድርገን ወሰድነው።

ሦስቱ ቀን ዘጠኝ ሆነ። በየቀኑ «ነገ» ሲሉን ሌላ ለመሥራት የሚበቃው ጊዜ አለፈ። ልጅቷ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተያይዘን ሄድን።

ማዘንበያው በመስታወት ሳጥን ውስጥ መብራት በርቶበት ተቀምጧል። ከሥሩ «በእጅ መንካት ክልክል ነው» ይላል። ከጎኑ ራሱን በራሱ የሚያማስል ኩባያ ቆሟል፤ ስኳር ማማሰል ያቃተው ማን እንደሆነ እንጃ! ብስጩ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ እጀታውን አየ። በስንዝር አሳጥረው ነጭ ቀለም ቀብተውታል።

«ማነው የቆረጠው?»

የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ ፈገግ አለች። «መስታወቱ ውስጥ አልገባ ብሎን ነው አባቴ። ደግሞ አማረበት። ለሽልማት ታጭቶልዎታል እኮ!»

«እህቴ ነገ ሻይ ትቀዳበታለች። ስጡኝ።»

«ተመዝግቧል፤ ሳይዘጋ አይወጣም። ለአንድ ቀን በሌላ ዕቃ ትቅዳ እንጂ።»

ክፋት አልነበረባትም። ያናደደኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢያንስ ምን እንደ ነጠቀ ያውቃል።

ብስጩ ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣና የመስታወቱን ብሎኖች መፍታት ጀመረ። ዘበኛው «ኧረ አባት! ኧረ!» እያለ ሮጦ መጣና፣ ወድቆ እንዳይሰበርበት መስታወቱን በሁለት እጁ ደገፈ።

«ጎበዝ፣ እንዲያ ነው፤ ቀስ በል» አለው ብስጩ፤ ማዘንበያውን አቅፎም ወጣ። ከውድድሩ ተሰርዛችኋል ብለው ከኋላችን ጮኹ። ይሰረዛ!

ያን ከሰዓት እጀታውን ሲቀጥል ዋለ። እሑድ ረፋድ ይዘን ስንገባ ልጅቷ ደርሳ ሻንጣውን በግማሽ ሞልታለች። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዘጠኝ ቀን ትኩስ ነገር አልቀመሰችም።

«እትዬ፣ ይኸው አመጣንልሽ!» አለ ብስጩ፣ ጦር እንዳሸነፈ ሰው።

«ከማን?»

«ከወሰዱት ሰዎች ነዋ! ብታዪ፣ መስታወቱን ፈትቼ...»

«ማን ሰጣቸው?»

ብስጩ እኔን አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ይኸኛው እጄ ሲሞት እግዜር ወሰደው ብዬ ዝም አልኩ። ያንኛውን ግን እናንተ ናችሁ ነቅላችሁ የሰጣችሁት! ብቻዬን ብኖርም ደጄን አንኳኩቶ የሚጠይቀኝ ሰው አጣሁ? እርስዎስ መምህር፣ ያ ሁሉ ትምህርት ባለቤቷን ጠይቅ አይልም?»

«እትዬ፣ እኔ የሠራሁት ስለሆነ...»

«የሠራኸው አንተ ነህ። የምኖርበት ግን እኔ ነኝ።»

ብስጩ የሚሳደበው ሰው አጣ። እኔም ሺህ ሰው ስል አንዷን እንደ ረሳሁ ገባኝ፤ በራሴ ላይ የተነሣው ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደም።

እትዬ ተነሣች። በራዱን ቀለበቱ ውስጥ አስገብታ በኩባያ ሞላችው፣ ምድጃውን አበራች። እስኪፈላ ልጅቷ ቀሚስ በእጇ እንደ ያዘች ቆማ ታያለች። እትዬ እጀታውን በክርኗ ጫን አለችው፤ በራዱ ጎንበስ አለ። አንድ ኩባያ ለልጇ፣ አንድ ለራሷ። ጠረጴዛው ላይ ጠብታ የለም። እኛ ተራችንን ስንጠብቅ እጀታውን ለቀቀችው።

«እናንተ ኤግዚቢሽኑ ጋ ጠጡ» አለች።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ቀሚሶቹን ከሻንጣው እያወጣች መልሳ መስቀል ጀመረች። እኔና ብስጩ ሳንጠጣ ወጣን።