አባቴን ግራንድ ካንየን ስወስዳቸው

አባቴ ደብረ ብርሃን ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የሸበቱ ሰው ናቸው። የሰሜን አሜሪካን ካርታ ሰሌዳ ላይ ሲስሉ መጽሐፍ አይከፍቱም ነበር። ከአላስካ ይነሱና ጠመኔውን ሳያነሱ በካሊፎርኒያ በኩል ወርደው፣ በፍሎሪዳ ዞረው፣ ላብራዶር ላይ ያደርሱታል። ከዚያ ተራሮቹን፣ ወንዞቹንና ሐይቆቹን ያስገባሉ። እኔም እሳቸው ክፍል ተምሬያለሁ። ኮሎራዶ ወንዝ የት እንደሚፈስ ተጠይቄ ስሳሳት፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ከሌሎቹ ሰነፎች ጋር ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ። ልጃቸው መሆኔ አላዳነኝም።

ራሳቸው ግን ከአገር ወጥተው አያውቁም ነበር። ጡረታ ወጥተው፣ እናታችንም ከሞተች በኋላ፣ ታላቅ ወንድሜ ጉዳያቸውን አስጨርሶ ሳን ሆዜ አመጣቸው። ወንድሜ ሳኒቬል ውስጥ ኢንጂነር ነው። እኔ ከእሱ ብዙ ዘግይቼ በዲቪ መጥቼ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ።

ከኤርፖርት ስንመለስ ወንድሜ ይነዳል፣ አባቴ ከፊት ተቀምጠዋል፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ገና ከፓርኪንጉ ሳንወጣ፣ «ግራንድ ካንየን ከዚህ በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉ።

ወንድሜ ሳቀ። «አባባ፣ መጀመሪያ ይረፉ እንጂ። ሰመር ላይ ቬኬሽን እወስዳለሁ። ግራንድ ካንየን፣ የሎውስቶን፣ ሁሉንም እናያለን።»

«የሎውስቶን ዋዮሚንግ ነው። በአንድ መንገድ አይሆንም» አሉ አባቴ።

«እሺ፣ በሁለት እናደርገዋለን።»

ወንድሜ ያን ጊዜ የዋሸ አይመስለኝም። የተናገረውን ያምነው ነበር። ነገር ግን መንታ ሴት ልጆቹ ገና ጨቅላዎች ነበሩ፤ የሚስቱም የወሊድ ፈቃድ እያለቀ ነበር። እሷ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አባቴ በመጡ በወሩ ልጆቹን እሳቸው ይይዙ ጀመር። ማንም «ይያዙልን» ብሎ አልጠየቃቸውም፤ አንድ ጠዋት ሁለቱም ወደ ሥራ ወጡ፣ አባቴ ከልጆቹ ጋር ቀሩ፣ በዚያው ጸና። ዕድሜ ልካቸውን ጡጦ ይዘው የማያውቁት ሰው ወተት ማሞቅና ዳይፐር መቀየር ለመዱ። ስደውልላቸው አንዷ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ «ቆይ መልሼ እደውላለሁ» ይሉና ሳይደውሉ ይውላሉ።

የመጀመሪያው ሰመር ወንድሜ አዲስ ፕሮጀክት ተሰጥቶት አለፈ። በገና እንሄዳለን ተባለ፤ በገና ልጆቹ ታመሙ። አባቴ አላማረሩም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ ወንድሜ ቤት ሲሆን፣ ወደ ውጭ ወጥተው በዚያ ሰው በማይታይበት ሰፈር ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቃቸው፣ «ይሄ ሰፈር አራቱም ማዕዘን አንድ ነው። ሰው ምን ምልክት ይዞ ነው የሚመለሰው?» አሉኝ። እንደ ቀልድ ወሰድኩት።

በሁለተኛው ሰመር ወንድሜ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሎውስቶን ሄደ። እኔ የሰማሁት ከሄዱ በኋላ ነው። ቤት ስደውል አባቴ አነሱት።

«ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ። አገሩ ከፍታ ስለሆነ ለልብዎ ጥሩ አይደለም አለኝ።»

ቀጥለውም፣ «ደብረ ብርሃን ከየሎውስቶን ከፍ ትላለች» አሉ።

«ታዲያ አልነገሩትም?»

«ምን ብዬ ልንገረው? ቲኬቱን ቆርጧል።»

ያንኑ ቀን ከሥራ ስወጣ ሳን ሆዜ ወርጄ ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። ሌክ ሜሪት አጠገብ አንድ ክፍል አፓርትመንት ነው ያለኝ፤ አልጋዬን ለቅቄላቸው እኔ ሶፋው ላይ ተኛሁ። በማግስቱ ምሳ ልጋብዛቸው ቴሌግራፍ አቬኑ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ወሰድኳቸው። ገና ከመቀመጣችን ከባንኮኒው አካባቢ አንድ ጎልማሳ፣ «ቲቸር!» እያለ መጣ። የድሮ ተማሪያቸው ነው፤ አሁን ሹፌር ሆኗል። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ እንጂ እጁን አልያዙትም። ሰውየው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ደነገጥኩ፤ አባቴ ሰላምታ የሚነፍጉ ሰው አይደሉም። ከዚያ ተነሥተው አቀፉትና፣ «ድምፅህን አወቅሁት። ከኋላ ተቀምጠህ የምታወራው አንተ ነህ» አሉት። ሁላችንም ሳቅን።

ሰውየው አጠገባችን ተቀመጠ። «ቲቸር፣ ግራንድ ካንየንን ሄጄ አየሁት እኮ። ኮሎራዶ እንዴት እንደቆረጠው ሲያስተምሩን የነበረው ሁሉ ትዝ አለኝ።»

«እንዴት ነው?»

«ልክ እንዳሉት ነው። ንብርብሩ ይቆጠራል። እርስዎማ አሁን ደጋግመው አይተውት ይሆናል።»

«ገና ነኝ። ልጆቼ ሥራ ላይ ናቸው» አሉ አባቴ።

ሰውየው ወደ እኔ አየ፤ አፍሬ ዓይኔን ወደ ገበታው መለስኩ። መኪና ውስጥ ስንገባ አባቴ ቀበቶውን በዳበሳ እየፈለጉ፣ «ዘንድሮ ካልሆነ ይቅር» አሉኝ።

«ለምን ይቀራል? ለከርሞም አለ።»

«ዘንድሮ ካልሆነ ይቅር ብዬሻለሁ።»

የሽማግሌ ኩርፊያ መሰለኝ። ወንድሜ ሲመለስ እሳቸውም ሳን ሆዜ ወደ ልጆቹ ተመለሱ፤ ቃሉ ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። ከአለቃዬ ጋር ተከራክሬ ፈቃድ ወሰድኩና ለወንድሜ ደወልኩለት።

«አባባን ግራንድ ካንየን እወስዳቸዋለሁ» አልኩት።

«ጥሩ ነው። መቼ?»

ሳምንቱን ነገርኩት።

«በዚያ ሳምንት ዴድላይን አለብኝ። ልጆቹን ማን ይይዛል?»

«አባታቸው።»

ስልኩን ዘጋብኝ። በኋላ ሚስቱ ደውላ በለሰለሰ ድምፅ ሌላ ሳምንት እንዳደርገው ለመነችኝ። እንደማይሆን ነገርኳት። የዚያን ሳምንት ልጆቹን ማን እንደያዘላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

መንገዱን ሁለት ቀን አደረግነው። የካሊፎርኒያን ሸለቆ ቁልቁል ወርደን፣ በረሃውን አቋርጠን አሪዞና ገባን። አባቴ ከሳን ሆዜ እንደወጣን ጥያቄ ጀመሩ። «በቀኝ በኩል ምን አለ?»

«የአልመንድ ዛፍ።»

«በግራስ?»

«እሱም አልመንድ ነው።»

በረሃው ውስጥም አላቋረጡም። ቁጥቋጦው ምን እንደሚመስል፣ አፈሩ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ተራራው ሹል ይሁን ድልዱም ይጠይቁኛል። እንደ ድሮው የሚፈትኑኝ መሰለኝ። ደክሞኝ ስለነበር አንዴ፣ «አባባ፣ እርስዎም በመስኮቱ ይዩት እንጂ» አልኳቸው። «ልክ ነሽ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልጠየቁም።

ግራንድ ካንየን የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከፓርኪንጉ እስከ ገደሉ አፍ ክንዴን ይዘው ሄዱ። ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን ፎቶ ያነሳል። የብረቱ አጥር ጋ ስንደርስ ብረቱን ይዤ ወደ ታች አየሁ። እንዲያ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ እንጃ፣ ዘወር ብዬ አባቴን አየኋቸው። ሁለት እጃቸው ብረቱን ይዟል፤ ፊታቸው ግን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ጎን፣ መንገዱ ዳር ወደቆመው የቱሪስት አውቶቡስ ነበር።

«አባባ፣ ወንዙን አዩት? እዚያ ታች ነው» ብዬ ጠቆምኩ።

«የት ጋ?»

«በጣቴ አቅጣጫ ይመልከቱ።»

ጣቴን አልተከተሉም። ጣቴንም የሚያዩት አልመሰለኝም። እጄን ፊታቸው ላይ ወሰድ መለስ አደረግኩት፤ ዓይናቸው አልተንቀሳቀሰም።

«አባባ፣ አያዩም እንዴ?»

አንድ ቤተሰብ በአጠገባችን እስኪያልፍ ጠበቁ። «ብርሃኑን አያለሁ። መሀል ላይ ትንሽ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ያለች ቀርታኝ ነበር፤ እሷም ከገና ወዲህ ደከመች። አባቴም በዚህ ዕድሜ እንዲሁ ነው የጀመራቸው።»

«መቼ ነው የጀመርዎት?»

«ስመጣ ዳር ዳሩ ነበር የጠፋው።»

«ለምን አልነገሩንም?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ሰዎች ዞረው አዩን።

«ብነግራችሁ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ታዞሩኝና ጉዞው ይቀራል። ደግሞም ልጅ የሚይዝ ሽማግሌ ሆኜ ነው እዚያ ቤት የተቀመጥኩት። የማያይ ሽማግሌ ማን ይይዘዋል?»

ያን ጊዜ የተናደድኩት በወንድሜ ብቻ አልነበረም። በእሳቸውም ተናደድኩ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው አባት አጥቤ፣ አልብሼ፣ ዓይኑን ጠብታ ጨምሬ ነው የምውለው። የእኔን አባት ዓይን ሊያድን ይችል የነበረ ጠብታ ከምሠራበት ቤት መደርደሪያ ላይ እያለ፣ እሳቸው ገደል ለማየት ብለው ደበቁን።

«ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች ንገሪኝ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ያለውን።»

«ከላይ ነጣ ያለ ነው።»

«የኖራ ድንጋይ ነው። ከሥሩስ?»

«ቢጫ ነገር፣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ።»

«የአሸዋ ድንጋይ። ቀጥይ።»

ቀዩን ነገርኳቸው፣ ከቀዩ በታች ያለውን አረንጓዴ መሳይ ነገርኳቸው፣ ከታች ወንዙ ዳር ያለውን ጥቁሩን ነገርኳቸው። እንባዬ እየወረደ ነው የምናገረው። እሳቸው ለእያንዳንዱ ስሙን ይሰጡታል፣ የትኛው በባሕር ዘመን፣ የትኛው በበረሃ ዘመን እንደተነባበረ ይነግሩኛል። አንድም አዲስ ነገር አልነገርኳቸውም። ደብረ ብርሃን ሆነው የሚያውቁትን ነው መልሼ ያነበብኩላቸው። ሲበቃቸው፣ «ነፋሱ ከታች ነው የሚመጣው። ይሄን አላውቅም ነበር» አሉና ወደ መኪናው እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ምግብ እንብላ ስላቸው እምቢ አሉ።

ስንመለስ ቀጥታ ሳን ሆዜ ሄድን። ወንድሜ በር ከፈተልን። አባቴን ሶፋው ላይ አስቀምጬ ወንድሜን ወደ ኩሽና ጠራሁትና ነገርኩት። ፊቱ ገረጣ። እጁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ «ማለት፣ ልጆቼን በዚህ ዓይን ነው ሲይዙልኝ የነበረው?» አለኝ።

ሌላ ነገር ይጨምር እንደሆነ ጠበቅሁት። «ጋዝ ሲለኩሱ? ደረጃ ሲያወርዷቸው?» አለ። «አንድ ነገር ቢሆኑስ ኖሮ?»

አባቴ ሳሎን ተቀምጠው ይሰማሉ። ጆሯቸው ደህና ነው። ከልጆቹ አንዷ እግራቸው ላይ ወጥታ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር እያወራቻቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ኩሽናው እንደዞሩ ነበሩ። ወንድሜ ወጥቶ ልጂቱን ከእግራቸው ላይ አነሳት። በኃይል አይደለም፣ ግን አነሳት። ከዚያ ቤት ልብሳቸውን ሰብስቤ፣ እሳቸውን ይዤ የወጣሁት ያኔውኑ ነው።

የዓይን ሐኪሙ በሽታው ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት መሆኑን፣ የጠፋው እንደማይመለስ ነገረን። ቀደም ብለን ብንመጣ ኖሮ ብዙውን ማቆየት ይቻል እንደነበር ሲነግረኝ፣ ለአባቴ አልተረጎምኩላቸውም። እሳቸው ግን እንግሊዝኛ ያውቃሉ። «ትክክል ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አሁን ከእኔ ጋር ናቸው። ልጆቹ ዴይኬር ገብተዋል። ወንድሜ በሽተኛ እንደሚጠየቀው እየመጣ ይጠይቃቸዋል፤ ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፣ ስለ ኢንሹራንሱ ያወራል፣ ሰዓቱን ያያል። ይቅርታም አልጠየቃቸው፣ እሳቸውም አልወቀሱት። እኔና እሱ የምንነጋገረው በአፖይንትመንት ጉዳይ ብቻ ነው።

ባለፈው የልጆቹ ልደት ላይ ተጠርተን ሄድን። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። አባቴን ጥግ ላይ አስቀምጬ ምግብ ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ ወንድሜ እጁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ ለአንድ የሥራ ባልደረባው ሲያስተዋውቃቸው ደረስኩ።

«ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ» ይላል። «አሜሪካ ሲመጡ ትልቁ ምኞታቸው ግራንድ ካንየንን ማየት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሳየናቸው።»

«እንዴት አገኙት?» አላቸው ሰውየው በአክብሮት።

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ሰውየው ድምፅ መለሱ።

«በጣም ትልቅ ነው» አሉ።