የተዘቀዘቀው ነጠላ

ዓረብ አገር አልመለስም ብያለሁ፤ አልመለስም። ይኼን ለአባቴ ፊት ለፊት የነገርኳቸው ከመጣሁ በአራተኛው ወር ነው። እሳቸው ግን ደላላውን አነጋግረው ጨርሰዋል፤ "እዚህ ምን ይዘሽ ነው?" ይሉኛል። የያዝኩትማ ሥራ ነበር፤ ሥራ ከተባለ። ደብረ ታቦር መሀል ከተማ፣ የሰርግ ካርድና ባነር የሚሠራ ማተሚያ ቤት ለሙከራ ገብቻለሁ። ባለቤቱ "የሰርግ ልብስ በፎቶ ሠርተሽ አንድ ደንበኛ ካስደሰትሽ ትቆያለሽ፤ ካልሆነ አልችልም" አለኝ። አባቴም "ያ ሰው ካስቀረሽ እሺ፤ ካልሆነ ፓስፖርትሽን አውጪ" አሉ። ሁለቱ ተማክረው የጨረሱ ነው የሚመስለው። እኔም ወገቤን ታጥቄ ተነሣሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሸማኔ ድሩን ከማድራቱ በፊት የሙሽራ ቤተሰብ ልብሱ አልቆ ምን እንደሚመስል ማየት ይፈልጋል። ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አወጣለሁ፤ ከሸማኔው ናሙና ላይ ያነሣሁትን ጥለት ቆርጬ በፎቶሾፕ አለብሳታለሁ። አፍ ሲያወራው ቀላል ነው። ጨርቁ በታጠፈበት ጥለቱም አብሮ ካልታጠፈ፣ ጥላ ባረፈበት ካልጠቆረ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይመስላል። እጥፋቱን አንድ በአንድ በማውዝ እየጎተትኩ ሳበጃጅ አንገቴ ደርቆ ይቀራል። ባለቤቱ "ሴትዮዋን ልትድሪያት ነው እንዴ?" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ!

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ከአንበሳሜ የመጡ የሙሽራ እናት ነበሩ። ለልጃቸው ቀሚስና ነጠላ ይፈልጋሉ። ጥለቱን ራሳቸው መረጡ፤ አረንጓዴ ላይ ወርቃማ፣ ትንንሽ መስቀል የተጠለፈበት። ሦስት ቀን ሠራሁ። ቀሚሱ አማረ። የነጠላው ጥለት ግን ታች ወርዶ ክንዷ ሥር ተደበቀና አስጠላኝ፤ ገለበጥኩት። በአንድ ቁልፍ ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ ሆነ፤ ያ ሁሉ ወርቅ አንገቷ ዙሪያ ቦግ አለ። እጄ ይባረክ! አልኩ። በትልቁ አትሜ ጠበቅኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ወረቀቱን ተቀብለው ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታቸው ደረቀ። አማተቡ።

"አንቺ ልጅ፣ ማንን ልትቀብሪብኝ ነው?"

ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ነጠላ ለደስታ ሲሆን ጥለቱ ወደ ታች ነው። ጥለቱ ወደ አንገት የሚወጣው፣ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው። ሕፃን የሚያውቀው ነገር! ሙሽራዋን ለቀስተኛ አድርጌ አቁሜያታለሁ። እሳቸው ወረቀቱን በፊቱ ደፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ።

"በቃ" አለ ባለቤቱ። አልተቆጣም እኮ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ዕቃሽን ሰብስቢ።"

"አልሰበስብም" አልኩት። "የአንበሳሜው መኪናቸው እስኪሞላ ጊዜ አለኝ። ጎትተህ ካላስወጣኸኝ ከዚህ ወንበር አልነሣም።"

ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ማሽኑ ሄደ። ነጠላውን መልሼ አቀናሁት። መገልበጡ ብቻ አልበቃም፤ ጥለቱ አሁንም ክንዷ ሥር ይገባል። የራሴን ነጠላ ለበስኩና ስልኬን አስደግፌ ራሴን ፎቶ አነሣሁ፤ ጥለቱ ከክንድ ሥር እንዴት እንደሚወርድ ለማየት። ፎቶውን ልከፍት ስል ጣቴ አልፎ ሌላ ፎቶ ላይ አረፈ። እህቶቼ ናቸው። እናቴ የሞተች ጊዜ የላኩልኝ፤ ሦስቱም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ዓረብ አገር ሳለሁ በየቀኑ አውጥቼ የማየው ነጠላ ያ ብቻ ነበር። ለካ ዓይኔ ነጠላን የሚያውቀው እንደዚያ ሆኖ ቀርቷል። ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ ሠራሁ፣ አተምኩ፣ ሮጥኩ።

መናኸሪያ ስደርስ የአንበሳሜው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ ስለ ማርያም፣ አንድ ጊዜ ይዩልኝ!"

ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ደግሞ ወረቀቱን በመስኮቱ አስገብቼ ጉልበታቸው ላይ ጣልኩት። እያለከለክኩ ቆሜ ቀረሁ። ቆይተው አነሡት፤ ጥለቱን ከትከሻዋ እስከ እግሯ በጣታቸው ተከተሉት።

"ይኼማ ሰርግ ነው" አሉ። "ለሸማኔው እሱን ስጪልኝ፤ ማክሰኞ እመጣለሁ። የጠዋቱን ግን ምን አስበሽ ነው?"

እፎይ ብዬ መሄድ እችል ነበር። ኮምፒውተሩ ነው ብላቸውም ያምኑኛል። ስልኬን አውጥቼ የእህቶቼን ፎቶ አሳየኋቸው።

"እናቴ ሞታ ነው። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ዓይኔ ይኼን ለምዶ ነው።"

"አንቺስ የት አለቀስሽ?"

"አላለቀስኩም። የሰው ቤት ነበር። ስመለስ ደግሞ ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል።"

ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ከወንበራቸው ተነሥተው ወረዱ። "እትዬ፣ ሞልቷል እኮ፣ ልንሄድ ነው!" አላቸው። "ሂዱ" አሉት። ክንዴን ይዘው ከመናኸሪያው ግንብ ሥር አስቀመጡኝ፤ አጠገቤ ተቀመጡ።

"እናትሽ ማን ትባል ነበር?"

ስሟን ከአፌ ካወጣሁት ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ጠራኋት።