ካላማዳሪያው ከማን ዘንድ ይሁን

ከቤቴ ፊት ለፊት አንድ ጎሚስታ ሱቅ ከፍቷል። የባጃጅ ጎማ ሊደፍን ማስቲሽ ሲቀባ ሽታው ከነፋሱ ጋር ከበረንዳዬ ይገባል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን የያዝሁትን አስቀምጬ ቁጭ እላለሁ። ያ ጠዋት ይመጣብኛል፤ ባሌና ወንድሜ ግቢያችን መሀል ሸራ ዘርግተው፣ ጀርባ ተሰጣጥተው፣ የአባቴን ሞተር ሳይክል ለመንገድ ያሰናዱበት ጠዋት።

አባቴ አሰብ ወደብ ላይ የጉልበት ሥራ ይሠራ ነበር። አንድ ሾፌር በከተማችን በሐይቅ ሲያልፍ መኪናውን አቁሞ፣ «አባትሽ ወድቋል፤ እህልም አይቀምስ። ድረሱለት» አለኝ። በዚያ ሰሞን ወደ ቆላ የሚወርደው መኪና ሁሉ ለጦሩ ተይዞ ሰው መጫን ክልክል ነበር። የቀረችን አባቴ ትቷት የሄደ አሮጌ ሞተር ሳይክል ናት። እሷን መንዳት የሚያውቀው ወንድሜ ብቻ፣ ስትበላሽ ፈትቶ መግጠም የሚያውቀው ባሌ ብቻ። ሁለቱ ደግሞ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል።

መኳረፍ ማለቴ ነገሩን ማቅለሌ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድሜ የቀበሌ ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ያዘ። የባሌ ታናሽ ወንድም ተማሪ ነበር። ከእናቱ ቤት የወሰደው የኔው ወንድም ነው፤ «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብሎ። አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገረን የለም። ባሌ እኔን፣ «አንቺ ምን አደረግሽኝ?» አለኝ እንጂ ወንድሜን ግን ከደጄ እንዳይደርስ ብሎ ማለ። ያን ጠዋት መሐላውን ያፈረሰው ለአባቴ ሲል ነው።

ሐይቁ ከታች ያብለጨልጫል። እኔ ስንቅ እቋጥራለሁ። ባሌ ካንዴላውን በጨርቅ፣ የፍሪሲዮኑን ሽቦ በላስቲክ ይጠቀልላል። ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ ጎማ መንፊያው፣ መለዋወጫው የሰንሰለት ማያያዣ፣ እያንዳንዱ ከሸራው ላይ ሲያርፍ ኳ ይላል። ወንድሜ ሲጋራውን እያጨሰ አየውና ወደኔ ዞረ።

«ይሄን ሁሉ ብረት ገበያ ሊያወጣው ነው? በይው እስቲ።»

ባሌም ቀና ሳይል፣ «ሞተሩ በረሃ ላይ ሲቆም ጠመንጃው ይጎትትለት እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለ።

እንዲህ ነበር የሚነጋገሩት፣ በኔ በኩል። በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጠው!

ባሌ መለዋወጫውን ካላማዳሪያ፣ ያን የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ እና ማስቲሹን ግን ከዕቃው ጋር አላሰረም። በገዛ ቦርሳው ከቶ በትከሻው አንጠለጠለው። ወንድሜ ብድግ አለ።

«ካላማዳሪያው ለምን ከሱ ዘንድ ይሆናል?»

«መሪው ከሱ ዘንድ ነው በይው።»

ወንድሜ እጁን ሰነዘረ። ባሌ ትልቁን የብሎን መፍቻ አነሳ። እኔ ስንቁን ጥዬ በመሀላቸው ገባሁ። «በነቢ ይዣችኋለሁ! አባቴ እየሞተ ነው!» አልሁ። ወንድሜ ሲጋራውን ረግጦ ሞተሩን አስነሳ። ባሌ ከኋላው ተቀመጠ፤ እንዳይነካው ኮርቻውን በሁለት እጁ ይዞ። በደሴ መንገድ ሲርቁ እያየሁ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይመለሳል ብዬ ቆረጥሁ። የትኛው እንዲመለስ ዱዓ እንደማደርግ ጨነቀኝ።

የመንገዱን የነገረኝ ባሌ ነው። ወንድሜ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወጣውም።

ባቲን ወርደው፣ ሚሌን አልፈው፣ ዛፍ ከማይታይበት ጥቁር ድንጋይ መሀል የኋላው ጎማ ፈነዳ። ወንድሜ ወርዶ ቆመ። ባሌ ግን ቦርሳውን ታቅፎ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜን የት እንዳደረስኸው ሳትነግረኝ ይቺን ጎማ አልነካትም» አለው። በስንት ዓመት ፊት ለፊት የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው።

«አባቴስ? የሚስትህ አባት እኮ ነው!»

«ያም የእናቴ ልጅ ነበር።»

ወንድሜ ተሳደበ፣ ዛተ፣ ቦርሳውን ሊነጥቅ ታገለ። ሁለቱም አፈር ላይ ተንከባለሉ። ደክሟቸው ተላቀቁ። ውሃቸው እያለቀ ፀሐዩ እየጠነከረ ሄደ። በመጨረሻ ወንድሜ ፊቱን አዙሮ፣ «አልተኮስሁም» አለ። «አፈር ያለበስሁት ግን እኔ ነኝ። ከውጫሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአምባሰል ሥር፣ ከቁልቋሉ ገደል። ቦታውን አውቀዋለሁ።»

ባሌ ቦርሳውን ከፈተ። ማስቲሹን አወጣ።

አባቴን በሕይወት አገኙት። እህል ጭኖ የሚመለስ መኪና ጋቢና ውስጥ አስገብተው ባሌ አብሮት መጣ፤ ወንድሜ በሞተሩ ከኋላ ተከተለ። አባቴ በመንገድ ላይ ነገሩን ከባሌ ሰምቶ ኖሮ ገና ሳያገግም፣ «ውሰዱኝ» አለ። ሦስቱ ወደ አምባሰል ሄዱ። ወንድሜ ቦታውን በጣቱ አሳይቶ ወደ ኋላ ቀረ። ሲቀበር ማንም የጀናዛ ሶላት ያልሰገደበትን ያን ልጅ፣ አባቴ መቆም አቅቶት ተቀምጦ ሰገደበት፤ ባሌም አብሮት።

አማቴ ከኔ ጋር ቤት ነበረች። ልጇ ገብቶ ከእግሯ ሥር ሲንበረከክ ሳይነግራት ገባት። ለእንደዚያ ያለ ሟች ማልቀስ ገና ያስፈራ ነበርና፣ ጎረቤት እንዳይሰማት የሻሿን ጫፍ ነክሳ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። አባቴ፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» እያለ አጠገቧ ተቀመጠ።

ወንድሜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። ግባ ያለው የለም፤ ሂድ ያለውም የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አማቴ ሻሿን ከአፏ አወጣችና፣

«ከደጅ የቆመው ማነው?» አለችኝ።

«ወንድሜ ነው።»

ወደ በሩ ዞራ አየች። ባሌ ወለሉን ያያል።

«ፀሐይ ነው» አለች በመጨረሻ። «ጥላ ሥር ይቁም።»

ልነግረው ሮጬ ወጣሁ። መንገዱን ይዞ ርቆ ነበር። ጮኼ ጠራሁት። አልዞረም።